ብርሃን የመሰለኝ ጭርት

የያዙኝ ከቤቴ ደጃፍ ላይ፣ እጄ በቅቤ የተለወሰ ድኝ እንደተቀባ ነው። አብነት ሰፈር ካለችው ጎጆዬ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ አንድ ሽማግሌ በጣቶቻቸው መሀል የወጣባቸውን እከክ እየቀባሁላቸው ነበር። ሽማግሌው ሁለቱን እጆቻቸውን ወደ እኔ እንደዘረጉ ቀና ብለው ከኋላዬ የሆነ ነገር አዩና ፊታቸው ተለወጠ። ዞር ስል ሁለት አስካሪዎች፣ ለጣልያን ያደሩ ጥቁር ወታደሮች፣ ቆመዋል። አንደኛው "ተነሽ" አለኝ። እጄን ልታጠብ ብዬ ለመንኩት፤ አልፈቀደልኝም። እስከ ልደታ ድረስ ድኙ ነጠላዬን እንዳይነካብኝ ጣቶቼን አራርቄ ነው የሄድኩት። ሰው ሲታሰር ስለ ነፍሱና ስለ አገሩ የሚያስብ ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ግን ነጠላዬ ቢጫ ይሆንብኛል ብዬ ነበር የምጨነቀው።

ያስገቡኝ ቤት ከጠላት በፊት የአንድ ነጋዴ የጥሬ ቆዳ መጋዘን የነበረ ነው። ቆዳው ከተወሰደ ቆይቷል፤ ሽታው ግን አልወጣም። ግድግዳው ጨው ጠጥቶ ኖሮ ከሰዓት በኋላ ሙቀት ሲበረታ ያልበዋል። መስኮት የለውም። ጣራው አሮጌ ቆርቆሮ ስለሆነ በሚስማሩ ቀዳዳዎች ሁሉ ፀሐይ ትገባለች፤ ወለሉ፣ ግድግዳው፣ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ በክብ በክብ ብርሃን ተሞልተዋል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ቆሜ ቀረሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እስር ቤት መሆኑን ለጥቂት ጊዜ ረስቼው ነበር።

ብርሃኑ ቀስ እያለ ይሄዳል። ከአንዷ ጉልበት ላይ ይነሳና ወደ ሌላዋ ትከሻ ይሻገራል። በዳር በኩል ለብቻዋ የተቀመጠች፣ ሕፃን የታቀፈች ሴት ክንዶች ላይም እንዲሁ ክብ ክብ ነገር አየሁ። ሴትዮዋ ልጇን ወደ ሌላኛው ጡቷ ስታዞር ግን፣ ክቡ ነገር በቦታው መቅረቱን ትቶ አብሯት ዞረ። ያን ጊዜ ነው ጭርት መሆኑ የገባኝ። እኔ የሰው ፊት ሳልለይ ቆዳውን የማይ ሰው ነኝ፤ ይኸው ልማዴ ነው እዚያም ያደረሰኝ።

በእነዚያ ዓመታት ቀያቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ከየአቅጣጫው እየተሰደዱ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ይሰፍሩ ነበር። ብዙ መንገድ የሄደ፣ ልብሱን ሳያወልቅ የከረመ፣ አንድ ቁርበት ላይ ሰባት ስምንት ሆኖ የሚያድር ሰው መጀመሪያ የሚታመመው ቆዳው ነው። እከክ፣ ጭርት፣ ችፌ፣ የእግር መሰንጠቅ። ጦርነቱ ሳይመጣ በአንድ የፈረንጆች ሐኪም ቤት ቁስል ማጠብና ማሰር ተምሬ ስለነበር ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። በእንዶድ አጥባለሁ፣ ድኝ በቅቤ ለውሼ እቀባለሁ። ከሚመጡት አንዳንዶቹ ቁስላቸው የእከክ አልነበረም። ከየት እንዳገኙት አልጠየቅኳቸውም፤ አስሬ ሰደድኳቸው። ወሬው ጣልያኖቹ ዘንድ ደርሶ ኖሮ ጣልያኑ መርማሪ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሽፍቶቹ አስታማሚ አንቺ ነሽ ወይ? እኔም በአስተርጓሚው በኩል አንድ መልስ ብቻ ሰጠሁ። እንዶድና ድኝ ነጋዴ ነኝ፣ ሽማግሌውም ቅቢኝ ብለውኝ ነው፣ ሕክምና የት አውቄ። እዚህ ቃል ላይ ከጸናሁ ሊለቁኝ እንደሚችሉ ተስፋ ነበረኝ።

ከሴቶቹ መሀል ሁለቱን በደንብ አስታውሳለሁ። አንዷ የልደታ መነኩሲት ናቸው፤ ለአርበኛ ስንቅ አቀብለዋል ተብለው ነው የታሰሩት። እማሆይ እንላቸዋለን። ሌላዋ የጌጃ ሰፈር ጠጅ ሻጭ ነበረች። አንድ የጣልያን ወታደር እሷ ቤት ሰክሮ አምሽቶ ሽጉጡን ጥሎ ሄደ፤ ሲነቃ አንቺ ሰረቅሽኝ አለ። "ሱሪውን ጥሎ የሄደ ቀን ማንም አልጠየቀኝም ነበር" ትላለች። እስር ቤቱ ውስጥ ሳቅ ካለ ከእሷ ነው የሚመጣው። ሕፃን የያዘችውን ሴት ግን ሥጋ ደዌ መስሏት እሷም ፈርታታለች። ውሃ የምንጠጣበትን ቅል ሴትዮዋ እንዳትነካው ለብቻዋ ሰባራ ገል ሰጥተዋታል። ስትተኛም በእሷና በሌሎቹ መሀል አንድ ሰው የሚያስተኛ ባዶ ወለል ይተዋሉ። እማሆይ ክፉ አልተናገሯትም፤ ቁርበታቸውን ግን ቀስ ብለው ወደ ወዲያኛው ግድግዳ አስጠግተዋል።

ሴትዮዋ ከሰቆጣ በኩል የመጣች ናት። ባሏ ዘምቶ አልተመለሰም። ጦሩ በመንደሯ ሲያልፍ ቤቷ ተቃጠለ፤ እርጉዝ ሆና መንገድ ጀምራ ልጇን መንገድ ላይ ወለደች። ልደታ ቅጥር ሥር ካደሩት ጋር በአፈሳ ነው የያዟት። ስሟን አልጠየቅኳትም። እዚያ ቤት ውስጥ የማታውቂውን ስም ተናገሪ ብለው አያስጨንቁሽም ነበርና ሁላችንም ስም መጠየቅ ትተናል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ በር የሚጠብቀው አስካሪ ብቅ አለ። ከያዙኝ ሁለቱ አንዱ ነው፤ የሐማሴን ሰው፣ ድምፁ ዝግ ያለ።

"ነገ ዶቶሬው፣ ሐኪሙ፣ ይመጣል" አለ። "ደዌ ያለበት ሰው እዚህ አይቀመጥም ተብሏል። በካሚዮን ይወስዱታል።"

"ወዴት?" አሉ እማሆይ።

"እኔ አላውቅም፣ እማሆይ።"

"ሕፃኗስ?"

መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ ሴትዮዋ አየ። "ሕፃን አይጫንም።"

ሴትዮዋ የቀሚሷን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ጎትታ ልጇን ከላይ እስከ ታች ሸፈነቻት። ሁሉም ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሳ። እኔ ግን መበሳጨት ጀመርኩ። ስበሳጭ እጄ አርፎ አይቀመጥም፤ ከበሩ ሥር ከነበረው መጥረጊያ አንድ ስንጥር መዝዤ ባዶውን ወለል ተሻግሬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እጅሽን ስጪኝ።"

"ይይዝሻል እኮ፣ እቴ።"

"ስጪኝ።"

ያስተማረችኝ ፈረንጅ አስታማሚ ይህን ስታደርግ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ። ሥጋ ደዌ የያዘው ቆዳ አይሰማም፤ ጭርት ግን ያሳክካል፣ ሲነኩትም ይሰማዋል። በሽተኛው ዓይኑን ይጨፍናል፤ በላባ ጫፍ ይነካል፤ የተነካበትን በጣቱ ያሳያል። ላባ ከየት ይምጣ፤ ስንጥር ይበቃል ብዬ ነው።

"ዓይንሽን ጨፍኚ" አልኳት። "ስነካሽ የነካሁሽን ቦታ በጣትሽ አሳዪኝ።"

ጨፈነች። የቤቱ ሙቀት እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። በረሃብ ላይ ያለ ሰው ቀን ቀን እንደሚሆነው፣ የነቃሁ ይሁን የተኛሁ መለየት ያቅተኝ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል የልደታ በዓል ዋዜማ ዜማ በቀስታ ይመጣል፤ ድምፁ በቆርቆሮው ቀዳዳ ከብርሃኑ ጋር አብሮ የሚገባ ይመስለኝ ነበር። በግራ ክንዷ ላይ ካለው ከትልቁ ጀመርኩ። መሀሉን ነካሁት። ዝም አለች። ትንሽ ጠብቄ እንደገና ነካሁት። ጣቷ አልተንቀሳቀሰም። ከሥሩ ያለውንም ነካሁ፤ እሱም ያው ነው። ያን ቀን እንደዚያ የፈራሁትን ያህል መርማሪው ፊት እንኳ አልፈራሁም።

ሴትዮዋ ዓይኗን እንደጨፈነች "አልጀመርሽም እንዴ?" አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ ክንዷን ወደ ብርሃኑ አቀረብኩት። ያን ጊዜ ነው ሁለቱ ቦታዎች ከሌሎቹ እንደሚለዩ ያየሁት። የሌሎቹ ዳር ሻካራ ነው፣ ይቀረፋል። እነዚህ ግን ለስላሳና አብረቅራቂ ናቸው፣ ዳርም የላቸው።

"ይህን ምን ነክቶት ነው?"

"እሱንማ አስተኩሼው ነው" አለች። "በእኛ አገር ጭርት ሲወጣ ማጭድ አግለው ይተኩሱታል፣ ሥሩ እንዲሞት። ራያ ላይ ያሳደረችኝ ሴት ተኮሰችኝ። ሌላው ግን ከዚያ ወዲህ የወጣ ነው፤ የሚተኩስልኝ አላገኘሁም።"

እሰይ አልኩ በልቤ። የሞተው ሥሩ ሳይሆን ቆዳው ነው። ስንጥሩን ወደ ቀኝ ክንዷ፣ ማጭድ ወዳላየው ጭርት ወሰድኩት።

"እዚህ" አለች፤ ጣቷን ትክክል ቦታው ላይ አሳረፈች።

"አሁንስ?"

"እዚህ።"

አንገቷን፣ ትከሻዋን፣ የክንዷን ውስጠኛ ክፍል ነካሁ። እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ። ድምፗ እየቀነሰ፣ እየተኛ መጣ። ማወቅ የምፈልገውን ካወቅኩ በኋላም አላቆምኩም። ብርሃኑ ክንዷ ላይ እየተራመደ ነው፤ አንዳንዴ ስንጥሬን ጭርቱ ላይ ሳይሆን ብርሃኑ ላይ አሳርፈዋለሁ፤ እሷም "እዚህ" ትለኛለች። ሰው ሳይፈራ ከነካት ስንት ጊዜዋ እንደሆነ እንጃ። ከተጨፈኑት ዓይኖቿ እንባ ሲወርድ አየሁና ያላየሁ መሰልኩ።

ቀና ስል ሴቶቹ ሁሉ ከብበውናል። የባዶውን ወለል ነገር የረሱት ይመስላሉ። ጠጅ ሻጯ ዓይኗን ጨፍና ወፍራም ክንዷን ዘረጋችልኝ። "እኔንም እስቲ ንኪኝ፤ የተበዳሪዎቼ ነገር አደንዝዞኝ እንደሆነ ልወቀው።" ሴቶቹ ሳቁ። እሷ ግን ወዲያው ዓይኗን ገልጣ ሁላችንም የፈራነውን ተናገረች።

"ሐኪሙ የተተኮሰውን የነካ እንደሆነስ?"

እማሆይ ረዘም አድርገው አዩኝ። "አንቺ ድኝ ሻጭ ነኝ ብለሽ የለ" አሉኝ፤ የጠየቁኝ ሳይሆን ያሳሰቡኝ ነው። ሐኪሙ ፊት ይህን ካደረግኩ ለመርማሪው የሰጠሁት ቃል እዚያው ይፈርሳል። እሷን ከካሚዮኑ ሳድን እኔን ማን ያድነኛል? በዚህ ሐሳብ እንደተቀመጥኩ ቀኑ መሸ።

በማግሥቱ ግንቦት ልደታ ነበር። የእማሆይ ዘመዶች ንፍሮ በመሶብ አምጥተው በአስካሪው በኩል አስገቡ። ስንዴ፣ ባቄላ፣ ሽንብራ፣ በቆሎ ተቀላቅሎ ተቀቅሏል፤ ሙቀቱ አልወጣለትም። መሶቡ መሀላችን ተቀመጠ፤ እጁን የሰደደ ሰው ግን የለም። የግንቦት ልደታ ንፍሮ ጣራ ሥር አይበላም። ደጅ ወጥቶ፣ ከጎረቤት ጋር ተሰብስቦ፣ ሰማይ እያዩ ነው የሚበላው። ምራቃችንን እየዋጥን ተቀመጥን። አስካሪው ገረመው።

"ምነው አትበሉም? ትናንት በረሃብ ሞትን ስትሉ አልነበር?"

"ልጄ፣ ቤት ውስጥ አንበላውም" አሉት እማሆይ። "ልደታ ናት።"

አስካሪው መሶቡንም እኛንም ተራ በተራ አየ። ራሱን ነቀነቀና በሩን ከፈተው። "ቶሎ በሉ፤ አለቃዬ ሳይመጣ።"

ስንወጣ ዓይናችን ተጭበረበረ። ግቢው ትንሽ ነው፤ አንድ ወይራ ነበረበት። በሙሉ ብርሃን እርስ በርሳችን ስንተያይ የመጀመሪያችን ስለነበር ሁላችንም አፈርን። የሰቆጣዋ ሴት አልወጣም ብላ ነበር፤ በፀሐይ ክንዷ እንዳይታይባት ነው። ክንዷን ይዤ አወጣኋት። እማሆይ መሶቡን ባርከው ለየእጃችን አፈሱልን። ገና አንድ ሁለት ፍሬ እንደቃምን ሐኪሙ በበሩ ገባ።

ወጣት ነው፤ አፍንጫው በፀሐይ ተልጧል። ደክሞታል፤ ቸኩሏልም። ጥቂቶቻችንን እያየ፣ ምላስ እያስወጣ፣ ሴትዮዋ ዘንድ ደረሰ። እጅጌዋን ሰበሰበና ቆመ። ከኮቱ ላይ መርፌ ነቅሎ አወጣ። ይህ ሥራውን ያውቃል አልኩ፤ ደስም አለኝ። ግን መርፌውን ያሳረፈው በግራ ክንዷ ላይ፣ በትልቁ፣ በተተኮሰው መሀል ነው። ሴትዮዋ ፊቱን ፊቱን ታያለች እንጂ አልተንቀሳቀሰችም። ደግሞ ወጋት። ከዚያ "ሌብራ" አለና እጁን በመሐረብ ጠረገ። ቃሉን ከእኛ የሚያውቅ ላይኖር ይችላል። ያ መሐረብ ግን ለሁላችንም ተረጎመልን።

አስካሪው ተጠጋ። "ልጅቷን ስጪኝ" አላት፤ ድምፁ ለራሱም አልሰማ ብሎታል።

"ኖ፣ ዶቶሬ" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የራሴ ነው። ከተማው ውስጥ ሁሉም ሰው የሚያውቃትን ያህል ጣልያንኛ ብቻ ነው የማውቀው። ተነስቻለሁ፤ ንፍሮዬ መሬት ላይ ተበትኗል። ከወይራው ሥር አንድ ደረቅ ስንጥር አንስቼ ሴትዮዋ ፊት ተንበረከክኩ።

"ዓይንሽን ጨፍኚ።"

"አልጨፍንም" አለች። "ስጨፍን ልጄን ይወስዱብኛል።"

እውነቷን ነው። ያን ጊዜ ጠጅ ሻጯ ከመሶቡ አጠገብ ብድግ አለች። አንድም ቀን የሴትዮዋን ገል ያልነካች ሴት፣ ሕፃኗን ከክንዷ ተቀብላ ደረቷ ላይ ለጥፋ በነጠላዋ ጠቀለለቻት።

"እኔ ጋ ናት" አለቻት። "ከእኔ ሊወስድ የሚችል ካለ ይምጣ። አንቺ ጨፍኚ።"

ጨፈነች። ቀኝ ክንዷን ነካሁ።

"እዚህ።"

አንገቷን ነካሁ።

"እዚህ።"

ሐኪሙ ቆሞ አየ። ስንጥሩን ከእጄ ወሰደና ጎንበስ ብሎ ራሱ ሞከረ፤ አንዴ ሁለቴ አይደለም። ሲያታልላት፣ ሳይነካት ይጠብቃል፤ እሷም ዝም ትላለች። ሲነካት ታሳየዋለች። ከዚያ የተተኮሰውን እየጠቆመ ወደ እኔ ዞረ። በእጄ ማጭድ ሠራሁለት፣ እሳት ሠራሁለት፣ ክንዴ ላይ አሳረፍኩት። ገባው። ለረጅም ጊዜ አየኝ።

"ኢንፌርሚዬራ?" አለኝ።

አስካሪው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። "አስታማሚ ነሽ ወይ ነው የሚልሽ" አለ። መርማሪው ፊት የሰጠሁትን ቃል ቆሞ የሰማ እሱ ነው። ትንፋሽ ወስዶ፣ ከንፈሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ ጨመረበት፦ "ድኝ ሻጭ ናት ልበለው?"

እግዜር ይስጠው፤ በሩን ከፍቶልኝ ነበር። በዚያ በር ብወጣ ግን ከኋላዬ ይዘጋል። የድኝ ሻጭ ጨዋታ አይቶ ካሚዮን የሚመልስ ሐኪም የለም። ሐኪሙ ገና ሐሳቡን እየቆረጠ ነው፤ ፊቱ ላይ አያለሁ። ሴትዮዋ ዓይኗን አልገለጠችም፤ የሚቀጥለውን ንክኪ እየጠበቀች ነው።

"አስታማሚ ነኝ በለው" አልኩ።

ነገረው። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ከቦርሳው አንድ ቆርቆሮ ቅባት አውጥቶ ለሴትዮዋ ሳይሆን ለእኔ ሰጠኝ፤ ጠዋትና ማታ እንደሚቀባ በእጁ አሳየኝ። ከዚያ ወጣ። ካሚዮኑ ባዶውን ሲሄድ ከአጥሩ ወዲያ ድምፁ ተሰማን። ጠጅ ሻጯ ሕፃኗን አልመለሰችም፤ እንደታቀፈቻት ተቀመጠችና ከሴትዮዋ መዳፍ ላይ ንፍሮ እየዘገነች ትቅም ጀመር። እማሆይም እጃቸውን ሰደዱ።

ጥቂት ቀን ቀባኋት። ዳሩ መርገፍ ሲጀምር፣ ቆዳዋ ከሥር ሲመጣ አየሁ። ከዚያ መርማሪው አስጠራኝ፤ የምክደው ነገር አልነበረኝም። በባቡር ወደ ቆላ ተላክሁ። እዚያ ጠላት እስኪወጣ ድረስ ድንጋይ ስፈልጥ ኖርኩ። ስመለስ እማሆይን ልደታ ግቢ ውስጥ አገኘኋቸው። ሴትዮዋ ክረምቱ ሳይገባ ተፈታለች፤ ልጇን አዝላ ወደ አገሯ ሄዳለች። ስለ መንገዱ ሌላ የሰሙት የለም፤ ቆዳዋ ግን ጠርቶ ነበር አሉኝ።

ዛሬም ልደታ ቅጥር ሥር የሚያርፉ ሰዎች አሉ። አገራቸውን ድርቅ ያስለቀቃቸው፣ ጠብ ያስለቀቃቸው፣ ሥራ ፍለጋ የመጡ። የቤት አድራሻ ስለሌላቸው የሐኪም ቤት ወረፋ የማይደርሳቸው እየጠየቁ ወደ እኔ ይመጣሉ፤ የምችለውን አደርጋለሁ፣ የማልችለውን ወደ ሐኪም ቤት ይዣቸው እሄዳለሁ። ከቆላው ድንጋይ ወዲህ የጣቶቼ ጫፍ ደንዝዟል። ስንጥር ስይዝ መያዜን የማውቀው በዓይኔ እያየሁ ነው፤ ቆዳቸው ላይ ሲያርፍም ለእኔ አይታወቀኝም። ዓይናችሁን ጨፍኑ እላቸዋለሁ፤ እነሱም "እዚህ" ይሉኛል፤ መድረሴን የማውቀው በእነሱ ነው።